ድጋሚ ለመግጠም እልህ ብቻውን አይበቃም

ተሸንፎ ለመበቀል የሚቸኩል ቦክሰኛ ሳይ ከተጋጣሚው ይልቅ የሚያስፈሩኝ በዙሪያው ያሉት ናቸው። «አንተ እኮ አልተሸነፍክም፣ ዳኛው ነው!»፣ «ቶሎ ብለህ መልስለት!» የሚሉት። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ጋ አንድ የማውቀው ወጣት ቡጢኛ አገኘሁ። በዝረራ ከተሸነፈ ገና ሳምንት አልሞላውም። «ጋሼ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ካልገጠምኩት እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። «ራስህንስ አያምህም?» ስለው ሳቀ። ጓደኞቹም አብረው ሳቁ። እኔ ግን አላሳቀኝም።

እልህን አልጠላም። ሌሊት 11 ሰዓት ከአልጋ የሚያስነሳው እልህ ነው። ሪንግ ውስጥ ግን እልህ የሚያደርግህ ያንኑ የተሸነፍክበትን ነገር በበለጠ ጉልበት መድገም ነው። ተጋጣሚህ ደግሞ ቀዳዳህን አንዴ አይቶታል።

ጆ ሉዊስን ውሰዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሰኔ 1935 ጣሊያን ሊወረን ወራት ሲቀሩት ኒውዮርክ ላይ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲጥለው፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ፍልሚያውን ያዩት እንደ ኢትዮጵያና ጣሊያን ነበር። በዓመቱ ግን ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ዘረረው። እንዴት? ሽሜሊንግ የሉዊስን ፍልሚያዎች በፊልም ቁጭ ብሎ አይቶ አንዲት ልማድ አገኘ፦ ልጁ በግራ ከሰነዘረ በኋላ ያንን እጁን ዝቅ ያደርጋል። በቃ፣ በዚያች ክፍተት ቀኙን ደጋግሞ ላከበት። ሉዊስ ደግሞ በዝግጅቱ ሰሞን ጎልፍ ላይ ነበር። ድጋሚ የገጠሙት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 1938 ነው። ያኔ ፍልሚያው በ124 ሰከንድ አለቀ። ሰው የሚያወራው ስለ 124ቱ ሰከንድ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ሁለቱ ዓመት ነው።

ለእኛ አገር ልጅ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሌኖክስ ሉዊስ ታሪክ ይመስለኛል። ሚያዝያ 2001 ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ከሃሲም ራህማን ጋር ገጠመ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሐዋሳችን ብዙም አይርቅም። ራህማን ቀድሞ ገብቶ አየሩን ለመደ። ሉዊስ የሆሊውድ ፊልም ሲሠራ ቆይቶ ዘግይቶ ደረሰ። በአምስተኛው ዙር ተዘረረ። ሰባት ወር ቆይቶ ላስ ቬጋስ ላይ በቁም ነገር ተዘጋጅቶ መጣና በአራተኛው ዙር ራህማንን ዘረረው። በነዚያ ሰባት ወራት ጡጫው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ዝግጅቱ ነው።

አንቶኒ ጆሹዋንም ሳትረሱት አትቀሩም። ሰኔ 2019 በአንዲ ሩዊዝ ተሸነፈ። በታኅሣሥ ሳዑዲ ላይ ሲመለስ ክብደቱን 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ቀንሶ፣ ለመዘረር ሳይጓጓ እየዞረ፣ በግራ እጁ እያራቀ በነጥብ አሸነፈ። አሰልቺ ነበር ያሉት አሉ። ይበሉ! ቀበቶው የማን ሆነ? ሩዊዝ በበኩሉ 7 ኪሎ ገደማ ጨምሮ ነው የመጣው፤ ሦስት ወር ፓርቲ ላይ እንደነበርም ራሱ ተናግሯል።

ከቦክስ ልውጣና፣ ኃይሌና ቴርጋትን ሁላችንም የምናውቀው ከኃይሌ በኩል ነው። እስኪ አንዴ ቴርጋትን ሁኑ። አትላንታ 1996 በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ። ሲድኒ 2000 ድጋሚ ሁለተኛ፣ ያውም በ0.09 ሰከንድ! ሰውየው ከዚያ በኋላ እዚያው ትራክ ላይ ጥርሱን ነክሶ አልቀረም፣ ወደ ማራቶን ዞረ። ለንደን 2002 ላይ ኃይሌን ቀደመው፤ በ2003 በርሊን ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። (በ2007 ኃይሌ እዚያው በርሊን ላይ ነጠቀው፣ እሱም አይተኛም!)

ወደ ልጃችን ልመለስ። የእሱ ጉዳይ ከክብረ ወሰንም ከቀበቶም በፊት የጭንቅላት ጉዳይ ነው። የአማተር ቦክስ የሕክምና ደንብ በዝረራ የተሸነፈን ሰው ቢያንስ 30 ቀን ያግደዋል፤ እገዳው ስፓሪንግንም ይጨምራል። ራሱን ስቶ ከነበረ ደግሞ ወደ ወራት ይረዝማል። ደንቡን ያወጡት ፈሪዎች ስለሆኑ አይደለም። ያልዳነ አንጎል ላይ ሁለተኛ ምት ሲያርፍ፣ ምቱ ቀላል እንኳ ቢሆን፣ አንጎል አብጦ ሰው ሊሞት ይችላል። ሦስት ሳምንት ማለት እኮ 21 ቀን ነው።

«ከቆየሁ ይረሱኛል» የሚለው ፍርሃቱ ይገባኛል። ሀገራችን እስካሁን በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ የአትሌቲክስ ነው፣ ቦክሰኛን ማን ያስታውሳል? ግን የቸኮለ ቦክሰኛ በሁለት ተከታታይ ዝረራ ቢታወስ ምን ይጠቅመዋል?

እና እናንተ ጓደኞቹ፣ ነገ ጂም ከመሸኘታችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። የፍልሚያውን ቪዲዮ በስልኩ የቀረጸ ካለም ለአሰልጣኙ ይላክለት። ቲክቶክ ላይ ካወጣችሁት ግን የሚያጠናው ተጋጣሚው ነው።