የጥድ አጥርዎ ከውስጥ ሲደርቅ

የመንዝ ብርድ ስንቱን ይለበልባል! ስለዚህ የግቢዎ የፈረንጅ ጥድ አጥር ሲቀላ «ውርጭ መታው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከማለፍዎ በፊት ግን ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ። ውርጭ ብዙውን ጊዜ ለጋውን ጫፍ ከውጭ ያቃጥላል፤ የጥድ ክሽክሽ ግን ከውስጥ ጀምሮ ያደርቃል።

ክሽክሹ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ግራጫና ቡናማ መልክ ያለው ተባይ ነው። ቅርፊቱ ላይ ተሰብስቦ የተክሉን ፈሳሽ ይመጣል። ቅጠሉ የሚያጣብቅ፣ ጥቁር ሻጋታ ያለበት፣ ጉንዳን የሚመላለስበት ከሆነ ይጠርጥሩ። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ሲሆን፣ ወደ አገራችንም ገብቷል።

ጊዜ አይስጡት። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አያቆጠቁጥም፤ የደረቀው ቅርንጫፍ ዳግም አይለመልምም።

የደረቀውን ብቻ ቆርጠው ያቃጥሉ። የቀረውን አጥር ጠዋት በጎማ፣ ውሃውን በኃይል እየለቀቁ ከውስጥ ይጠቡ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ይርጩ፤ መጀመሪያ ግን በአንድ ቅርንጫፍ ይሞክሩት። በሳምንቱ ይድገሙ። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ አይግደሏት፤ ክሽክሽ በይ ናት። በበጋ ሥሩን ያጠጡ፤ ውሃ የጠማው ጥድ ቶሎ ይሸነፋል።

ክፍተት ከቀረ በቦታው ሌላ ጥድ አይትከሉ። በደጋው ቀጋ፣ ሞቅ በሚለው መርሐቤቴ ደግሞ ወይራ ይሆናል። ተክሉ የተቀላቀለ አጥር በአንድ ተባይ ሁሉም አያልቅም።