እንቅልፍ ስንፍና ነውን?

ተማሪዎች ሆይ! እንቅልፍን የሰነፎች ልማድ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ስሕተት ነው። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ተመልከቱ፤ ቀኑን በሜዳ ሣር ሲግጥ ውሎ፣ ሲመሽ አውሬ በቀላሉ ከማይደርስበት ገደል ወርዶ በጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ያድራል። ቀጭኔ አንበሳን ስለሚፈራ ብዙውን ጊዜ እንደ ቆመ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያሸልባል። ዶልፊንም ለመተንፈስ ከውሃው በላይ ብቅ ማለት ስላለበት፣ ግማሽ አንጎሉ ሲተኛ ግማሹ ይነቃል። እንቅልፍ ከንቱ ቢሆን ኖሮ እነዚህ እንስሳት ይህን ያህል ባልተቸገሩለት ነበር። እናንተ ግን በር ተዘግቶላችሁ ታድራላችሁ። ታዲያ ለፈተና ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችሁን ሳትከድኑ ማንጋታችሁ ትጋት ይባላልን? ያጠናችሁት በአእምሯችሁ እንዲጸና እንቅልፍ ይረዳል። ስለዚህ በጊዜ አጥኑ፤ በጊዜም ተኙ።