ያልሠሩበት ማኅተም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በ1939 ዓ.ም. በተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት መሠረት ላይ ከቆመው ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ወጥተህ፥ በጉደር ወይም በጊንጪ ወይም በሆለታ ወዳለ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ብትላክ፥ የምትማረው ከያዝኸው ቅጽ አይደለም፤ ከሠራተኛው ጠባይ ነው። መዝገቡን በሥርዓት የሚይዝ፥ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» የማይል ሰው ካጋጠመህ፥ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት አገኘህ።

ነገር ግን ሌላም ነገር ይታያል። ተማሪው ጥቂት ቀን ወረቀት ሲያመላልስ ይቆይና መምጣቱን ይተዋል። በመጨረሻው ቀን ቅጹን ይዞ ይቀርባል፤ አለቃውም «የልጅ ዕድል ለምን ልዝጋ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ ማኅተም ያሳርፍበታል። ሁለቱም ይህን ደግነት ይሉታል። እኔ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው እላለሁ። ዛሬ ላልሠራው ሥራ ያስፈረመ፥ ነገ ላልተሠራ ድልድይ ይፈርማል።

«ተማሪ ምን ሥራ ይሰጠዋል?» የሚል አለ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልከው ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪዎች ሆኑ። ክፍል ሙሉ ልጅ እየጠበቀው መቅረት ያሳፍራል።

እንግዲህ አለቃ ሆይ፤ ሰው የሚጠብቀውን ሥራ ስጠው፤ ካልሠራም አትፈርምለት። አንተም ተማሪ፥ ሥራ ጠይቅ፤ ቢከለክሉህ የሆነውን በዘገባህ ጻፍ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደ መጣች አበው ነግረውናል፤ አንተ ግን ጊደር አይደለህምና የምትማረውን ምረጥ።