ዱላና ኳስ የጌታ ብቻ አይደሉም

«ጎልፍ የባለጸጋ ጨዋታ ነው፤ የተማሪ ማኅበር ምን አገባው?» የሚሉ አባላት አሉን። አባባሉ መሠረት አለውና አንንቀውም። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደንቡ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል። በስኮላርሺፕ አበል ለሚኖር ተማሪ ይህ የማይታሰብ ነው።

ነገር ግን ክሱ የሚመለከተው ሜዳውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። «ኤክስኪዩቲቭ» የሚባለው አጭር ሜዳ አብዛኛው ጉድጓዱ ለ3 ምት የተመጠነ ነው። ባለ 9 ጉድጓዱ በ2 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ሦስት አራት ዱላም ይበቃዋል። ስሙን ያገኘው ጊዜ ከሚያጥራቸው ሥራ አስኪያጆች ቢሆንም፣ ጊዜም ገንዘብም ለሚያጥረው ተማሪ ይበልጥ ይስማማል። «አጭር ከሆነማ ጎልፍ አይደለም» የሚል ካለ፣ 18 የሚለው ቁጥር ከሰማይ እንዳልወረደ እናስታውሰው። በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ሜዳ እ.ኤ.አ. እስከ 1764 ድረስ አንዱ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር፤ ወደ 18 የወረደው በዚያ ዓመት ነው። ሜዳው ዛሬም የሕዝብ ሲሆን፣ አጠገቡ ለልጆችና ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ።

እኛም ብንሆን ለዱላና ለኳስ እንግዶች አይደለንም። በገና ጨዋታ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው አይቆጣም፤ ዱላው ከዛፍ ይቆረጣል፣ ለመግቢያም የሚከፈል የለም። ስለዚህ ዱላና ኳስ በራሳቸው የመደብ ጠባይ የላቸውም። የመደብ ጠባይ ያለው አጥሩ ነው።

«በዚህ በረሃ ሣሩና ውሃው ከየት ይመጣል?» ለሚለው መልሱ ከራካ ሩቅ አይደለም። በጎረቤታችን በዳህራን የዘይት ኩባንያው ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የተጫወቱት በአሸዋ ላይ ነበር። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በዘይት አርሰው ይደለድሉት፣ ኳሱን የሚመቱበትንም ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ይዘው ይዞሩ ነበር።

ሕክምና የምንማር እንደመሆናችንም የምንለው አለ። የስዊድን ተመራማሪዎች 300,000 ያህል የጎልፍ ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው፣ በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች ይልቅ የሞት መጠናቸው በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2008 አስታውቀዋል። ጎልፉ ብቻውን ይህን አመጣ ማለት አይቻልም። ይሁንና በየዙሩ ብዙ መራመድ እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ለሚውል ሰው ደግሞ የሚጎድለው ይኸው ነው። የበጋው ሙቀት አደገኛ በመሆኑ ጨዋታው ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ያውም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል።

በሳዑዲ መንግሥታዊ የኢንቨስትመንት ፈንድ የተቋቋመው ሊቭ ጎልፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ መደበኛ ውድድር 25 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቦ ነበር። እኛ የምንጠይቀው ሽልማት አይደለም። የስፖርት ኮሚቴያችን ባዶ መሬት፣ 9 ጉድጓድና በጋራ የምንጠቀምባቸው ጥቂት ዱላዎች እንዲገኙ ለዩኒቨርሲቲው ጥያቄ ያቅርብ። ሜዳው ለሴት አባሎቻችን የራሱ ሰዓት ይኑረው፤ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች፣ በአካባቢው በጉልበታቸው ለሚያድሩ ወገኖቻችንም ክፍት ይሁን። ሌሎችን በውጭ የሚያስቀር ሜዳ ከሆነ ግን ባይሠራ ይሻላል እንላለን።