የአንድ ማሳ ሦስት ባለድርሻዎች፦ የብቅል ገብስ ውል ሸክሙን በማን ላይ ይጥላል?

ለቢራ ብቅል የሚሆን ገብስ የሚያመርት አርሶ አደር ከእርሻው ጎን ለጎን ውል መፈረምም ሥራው ሆኗል። በኩታ ገጠም ማሳው ላይ መንግሥት ባለሙያና ማዳበሪያ ያቀርባል፤ ፋብሪካው ገበያ ይሰጣል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘር ያከፋፍላል፣ ምርት ይሰበስባል። መሬቱና ጉልበቱ የአርሶ አደሩ ነው። ሥራው በአራት ሲከፈል ኪሳራውስ በስንት ይከፈላል?

ኩታ ገጠም ማለት መሬት መቀላቀል አይደለም። ጎረቤታሞች ድንበራቸውን ሳያፈርሱ አንድ ዓይነት ሰብል በተቀራረበ ቀን ይዘራሉ። ለግማሽ ሄክታር የማይመጣ ኮምባይነር ለተያያዘ ማሳ ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን የአርሶ አደሩ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሚዋዋለው ለምርቱ እንጂ ለማሳው አይደለም።

ፈተናው የሚጀምረው ከአውድማ ነው። የገበያው ዋጋ ከውሉ ሲበልጥ ለነጋዴ የሚሸጥ አርሶ አደር አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ማኅበሩ የሚያስረክበውን ያጣል፣ በብድር የሰጠው ዘርም ሳይመለስ ይቀራል። የገበያው ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ገዢው በጥራት እያመካኘ ለመመለስ በር ይከፈትለታል።

የጥራት ነገር በቀላሉ አይታለፍም። የገብሱ ፕሮቲን ሲበዛ ለብቅል አይመችም። ፕሮቲኑን ከሚያበዙት አንዱ ከልክ ያለፈ ወይም ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ነው። ከልክ በላይ የጨመረ አርሶ አደር ጥፋቱ የራሱ ነው። ማዳበሪያው ዘግይቶ ቀበሌ ስለደረሰ ዘግይቶ የጨመረውስ? ማዳበሪያውን ያዘገየው አካል በውሉ ላይ ካልፈረመ ተጠያቂ የሚያደርገው አንቀጽ አይኖርም፤ የተመለሰው ገብስ ግን አርሶ አደሩ ደጃፍ ላይ ያድራል። የሦስትዮሽ አሠራሩ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 አምራችና ገዢ የሚዋዋሉበትን ሥርዓት ደንግጓል። ሕጉ ማሳ ላይ እንዲሠራ ግን ውሉ ራሱ ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት። አንደኛ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ወለል ኖሮት ከገበያው ጋር ከፍ የሚልበት ስሌት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሚዛንና የጥራት ምርመራ የማኅበሩ ተወካይ ባለበት ይከናወን፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ዘርና ማዳበሪያ የሚደርስበት ቀን ይቆረጥ፤ ያዘገየውም አካል የኪሳራው ተካፋይ ይሁን።

ማኅበራትም የፋብሪካው ምርት ሰብሳቢ ብቻ ሆነው መቅረት የለባቸውም። ከፊርማ በፊት ውሉን በአባላት ጉባኤ አንቀጽ በአንቀጽ ማስነበብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው፣ የታኅሣሥ ሙግት የሚቀለው በሰኔ በተጻፈ ግልጽ ቃል ነው።