ፊደላችንን ሳጥን ያደረገው ኮምፒውተሩ አይደለም

ሰሞኑን አንዲት እህት የሥልጠና ሰርተፍኬቷን በቴሌግራም ላከችልኝ። ሥልጠናውን የሰጣት መሥሪያ ቤት ሰርተፍኬት የሚያወጣው በድረ ገጹ በኩል ነው። ስምሽን ታስገቢያለሽ፣ ፕሮግራሙ ምስሉን እዚያው ሠርቶ ያወርድልሻል። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ቀኑም አለ። ስሟ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ግን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ናቸው ያሉት።

ሄዳ ስታመለክት የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፦ «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም። በእንግሊዝኛ ጻፊና እንደገና አውጪው።»

በእንግሊዝኛ ብትጽፈውስ? ስሟ በመታወቂያዋ አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃዋ ሌላ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ነው ያለው። አሁን ሦስተኛ ልትጨምርበት ነው። ነገ ቀጣሪው «ይሄ ስም ያንቺ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ሲላት መልስ የሚሰጥላት የለም። በአማርኛ ግን ስሟ አንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ የነፈጋት ያንኑ አንዱን ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም የማልጠራው ብቻውን ስላልሆነ ነው። «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም» የሚለውን ሰበብ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ልከራከር የምፈልገው ከዚህ ሰበብ ጋር ነው፣ ምክንያቱም እውነት አይደለም።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር የራሷ የታወቀ ቁጥር አላት። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከሲስተሙ ጋር አብሮ አውጥቷል። ጎግል ደግሞ ኖቶ የተባሉትን ፎንቶች ያሠራው እነዚያን ባዶ ሳጥኖች ለማስቀረት ነው፤ ስሙም «ሳጥን ይቅር» እንደማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይወርዳሉ፣ ከፕሮግራም ጋር አብሮ ማሰራጨትም ፈቃዳቸው ይፈቅዳል። የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ የሚለመን ሰውም የለም።

ታዲያ ሳጥኑ ከየት መጣ?

ብሮውዘር አንድ ፊደል በያዘው ፎንት ውስጥ ሲያጣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ፎንት ፈልጎ ይተካል። በሰርቨር ላይ ምስል የሚሠራ ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የተሰጠውን አንድ ፎንት ብቻ ነው። ፊደሉ እዚያ ከሌለ ለጎደለ ፊደል የተዘጋጀውን ምልክት ይሥላል። ሳጥኑ ያ ምልክት ነው። ፕሮግራሙ «የሰጣችሁኝ ፎንት አማርኛ የለውም» እያለ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን «ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም» ብሎ ይተረጉመዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ይህን ስል ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም በጎ ቋንቋ ጽፌ ነበር። ላፕቶፔ ላይ አማርኛው እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ አምሮ ይወጣል። ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ሁሉም ሳጥን ሆነ። ሰርቨሩን ረገምኩ፣ አከራዩን ረገምኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ፕሮግራሜ ፎንቱን ያነብ የነበረው ከላፕቶፔ ፎልደር ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ምንም ፎንት ያልተጫነበት ባዶ ሊኑክስ ነበር። ፎንቱ ሲታጣ ሥራውን እንዲያቆም ማድረግ ሲገባኝ፣ «ያገኘኸውን ተጠቀም» ብዬ ጽፌዋለሁ። ያገኘው ደግሞ ላቲን ብቻ ነበር።

መፍትሔው ዛሬ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጎ ኮምፓይል የሚደረግ ቋንቋ ነው፤ የጻፋችሁት ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ፋይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከወጣው 1.16 እትም ጀምሮ ደግሞ ፎንቱን፣ ሎጎውን፣ የማኅተሙን ምስል ሳይቀር በዚያው ፋይል ውስጥ አስገብቶ መጠቅለል ይቻላል። አንድ የኖቶ ፎንት ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ፎንት ኖረው አልኖረው ግድ የለም። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጣችሁ ለሊኑክስ የሚሆነውን ፋይል ታወጣላችሁ፣ ወደ ሰርቨሩ ትልካላችሁ፣ ቢወድቅ ራሱን እንዲያስነሣ በሲስተምዲ ታስመዘግቡታላችሁ፣ ከፊቱ ኤንጂንኤክስ ታቆማላችሁ። አለቀ። አሮጌውን ፋይል ካልሰረዛችሁት ደግሞ አዲሱ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው።

«ፊደላችን ውስብስብ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። ይህም ትክክል አይደለም። የዐረብኛ ፊደል እንደየቦታው ቅርጹን ይለውጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋርም ይያያዛል። የሂንዲ ፊደላት ይደራረባሉ፣ ቦታም ይቀያየራሉ። የእኛ «ቡ» ግን ከነድምፁ አንድ ፊደል ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራል፣ ከጎረቤቱ ጋር አይጣበቅም። ኮምፒውተር ላይ ለመሣል ከሚቀልሉት ፊደሎች አንዱ ነው። ሰበብ ፍለጋ እስከ ፊደሉ ድረስ መሄድ አያዋጣም።

ሌላው ወገን ደግሞ ችግሩን በገንዘብ የሚፈታ ነው። አንድ ስም በካርድ ላይ ለመጻፍ ሰርቨሩ ውስጥ ሙሉ የክሮም ብሮውዘር ያስነሣል። በእርግጥ ይሠራል፣ አማርኛውም ፎንት ከተጫነ ይወጣል። ነገር ግን ብሮውዘሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሚሞሪ ይበላል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ሰርቨር መከራየት ግድ ይሆናል። የሰርቨር ኪራይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሥርና ሃያ ሜጋባይት የምትሆን አንዲት ፋይል በትንሹ ሰርቨር ላይ የምትሠራውን ሥራ በውድ ሰርቨር ማሠራት የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ብክነት ነው፣ የግል ከሆነ ደግሞ ሞኝነት። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ትንሿን ፋይል መላክና ግዙፉን ኮንቴይነር መላክ እኩል አለመሆኑንም የሞከረው ያውቀዋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሳጥን ነው። ከሳጥኑ የባሰ ነገር ግን አለ፤ እሱ ደግሞ ዜና የምትከታተሉትን ሁላችሁንም ይነካል።

የዜና ድረ ገጾች ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚመጣውን ካርድ ታውቁታላችሁ። ርዕሱ፣ ሎጎው፣ ቀኑ ያለበት ምስል ማለት ነው። ይህን ምስል ሰርቨሩ ራሱ ከርዕሱ ተነሥቶ ሊሠራው ይችላል። የሚሠራበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮግራሙ የዜናውን መለያ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ ርዕሱን ከራሱ ዳታቤዝ ያወጣል። ሁለተኛው ርዕሱን በቀጥታ ከሊንኩ ላይ ያነባል። ሁለተኛው ለመጻፍ ስለሚቀል ቸኩሎ የሚሠራ ሰው እሱን ይመርጣል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማንኛውም ሰው ሊንኩ ላይ ያለውን ርዕስ አጥፍቶ የፈለገውን ይጽፋል፤ ሰርቨሩም በተቋሙ ሎጎ፣ በተቋሙ ቀለም፣ ከተቋሙ አድራሻ ሐሰተኛውን ካርድ ሠርቶ ያስረክባል። ፎቶሾፕ እንኳ አያስፈልግም። ተቋሙ ለሐሰተኛ ዜና በነፃ የሚያገለግል ማተሚያ ቤት ከፈተ ማለት ነው። ካርዱ «እገሌ ሞተ»፣ «እዚህ ቦታ ግጭት ተነሣ» ሊል ይችላል። አንድ የውሸት ካርድ በእኛ አገር ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የሰርተፍኬቱም ነገር ያው ነው። ስሙን ከሊንኩ ላይ የሚያነብ ድረ ገጽ ላልሠለጠነ ሁሉ ሰርተፍኬት ያድላል።

«ታዲያ እንደ ድሮው ዲዛይነራችን በእጁ ይሥራው» የሚል መልስ ይመጣል። በእጅ የተሠራው ካርድ ግን ከዚህ አይሻልም። የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ ያለ ሊንክ ነው፤ አንባቢው ከየት እንደመጣ የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ውስጡ ያለው ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ማየት ለተሳናቸው ወገኖች የሚያነብላቸው ፕሮግራምም አያነበውም። ርዕሱ ስሕተት ሆኖ ሲታረም የተበተነው ምስል ሳይታረም ይዞራል። ሰርቨሩ የሠራው ካርድ ግን ከሊንኩ ጋር ነው የሚጓዘው። ርዕሱ ሲታረም ምስሉም አብሮ ይታረማል፤ ቴሌግራም የያዘውን አሮጌ ቅጂ ደግሞ ለዚሁ በተዘጋጀው ዌብፔጅቦት ማሳደስ ይቻላል። አንባቢም ቀስ በቀስ «ሊንክ የሌለው ካርድ አላምንም» ማለትን ይለምዳል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው።

ለሚሠሩት፦ ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር ጠቅልሉት። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከ«ሀ» እስከ «ፖ»፣ እነ «ሏ»፣ «ቿ» እና «ጧ»ን ጨምሮ፣ ፊደሎቹ በፎንቱ ውስጥ መኖራቸውን ይፈትሽ፤ አንድ ከጎደለ አይነሣ። የፎንቱ የላቲን ፊደልና ቁጥርም አይዘንጋ። ከሊንክ ላይ ጽሑፍ ተቀብላችሁ በሎጎ አታትሙ።

ለሚያሠሩት፦ ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ሠሪው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ የራሳችሁን ሙሉ ስም በአማርኛ አስገብታችሁ እዩት። ሳጥን ከወጣ አትፈርሙ፣ ክፍያም አትልቀቁ። የጨረታ ሰነዳችሁ ውስጥ «አማርኛን በትክክል ያወጣል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም አያስከፍልም።

ያች እህት እስከ ዛሬ ሰርተፍኬቷን በአማርኛ አላገኘችም። ሥልጠናውን ተከታትላ ጨርሳለች፣ ፈተናውንም አልፋለች። ሥራውን ያልጨረሰው መሥሪያ ቤቱ ነው።

እናንተስ ስማችሁ ሳጥን ሆኖ የወጣበት ሰነድ አለ? ስማችሁንና የግል መረጃችሁን ሸፍናችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት።