የጨንቻ ዳገትና የራዲያተር ውሃ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ግን ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር ግድም ይወጣል። ዶርዜ ሳይደረስ ጥግ ይዞ የቆመ ሚኒባስ፣ ከኮፈኑ ሥር የሚትጎለጎል እንፋሎት፣ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚሮጥ ረዳት ለመንገደኛው እንግዳ አይደሉም።

ስለ ኩላንት ሲነሳ «እሱ በረዶ ላለበት አገር ነው፤ እኛ ምን በረዶ አለን?» ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። እውነት ነው፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ በብርድ አገር የሞተር ብረት ይሰነጥቃል። ፀረ-በረዶ የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ነው። የእኛ ጣጣ ግን መፍላትና ዝገት ነው።

ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ሙቀቱ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብረቱ ይህን የሚችለው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ሙቀቱን ተሸክሞ በራዲያተር በኩል ለነፋስ ስለሚያስረክብ ነው። ፈሳሹ እንፋሎት ከሆነ ግን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይከዳዋል። ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። በአንድ ሚኒባስ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ የብዙ ወራት እንጀራ ነው።

ዳገቱ ላይ ነገሩ ለምን ይብሳል? መኪናው በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ይደክማል፤ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ አርባ ምንጭ ላይ 96፣ ጨንቻ ላይ 91 ግድም ይበቃዋል። (የደጋ እናቶች ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግራቸው በዚሁ ምክንያት ነው።)

የራዲያተር ክዳን ግፊት አምቆ እንዲይዝ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ደህና ክዳን መፍያውን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ባረጀ ክዳን ወይም በጨርቅ ውታፍ የሚሄድ መኪና ይህን ሁሉ ያጣል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ኩላንት ደግሞ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይጨምራል። ያልተበረዘውን መሙላት ይሻላል የሚሉ ተሳስተዋል፤ ሙቀት በመሸከም ረገድ ውሃ ይበልጠዋልና።

እኛ ግን የኩላንት ትልቁ ጥቅም ዝገት መከላከሉ ነው እንላለን። ስሟን ከምንጮቿ ባገኘች ከተማ ምንጭ ውሃን ማማት ያስቸግራል! ሆኖም ለጉሮሮ የሚጥም ውሃ ለሞተር ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። ከአለት ያመጣው ማዕድን በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። በመሆኑም ኩላንቱ የሚበረዘው በተጣራ ውሃ፣ ማለትም በዲስትልድ ዋተር ነው።

መኪና ፈልቶ ሲቆም የጋለውን ክዳን መክፈት አደገኛ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውሃው ፈንድቶ ፊትና እጅ ይልጣል። ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መታገሥ ያሻል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ደግሞ ከመንገዱ የከፋ ነው። የአብዛኛው ኩላንት ዋና ቅመም ኢትሊን ግላይኮል ይባላል። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ቀለሙም ልጆች የሚወዱትን ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን መርዝ ነው። ሰውነት ሲፈጨው ወደ አሲድ ይለወጥና ኩላሊትን ያበላሻል። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ጓዳ ማስቀመጥ ልጅን ለሞት ማጋለጥ ነው። ከመኪና የተቀዳውንም ውሻና ፍየል በሚልሱበት ሜዳ አትድፉት። ልጅ ቀምሶት ከሆነ መጀመሪያ እንደ ሰካራም ሊንገዳገድ፣ ከዚያ ደህና ሊመስል ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲሰጥ ነውና ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሐኪሙ እንዲያየው ጠርሙሱንም ያዙ።